የክረምት ዕረፍት ከልጆች ጋር በባሕር ዳር፦ በቀን አንድ ጉዞ፣ እሱም በጠዋት

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት ሲውሉ፣ ወላጅም የአንድ ሳምንት ፈቃድ ሲያገኝ፣ ባሕር ዳር ለቤተሰብ ዕረፍት የምትመች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ከአዲስ አበባ ትሞቃለች፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ሙቀቷ አያስጨንቅም። ቀን ላይ ከ23 እስከ 25 ዲግሪ ይሆናል፣ ሌሊት ሹራብ ያስፈልጋል። መሬቷ ሜዳ ነው፣ ሐይቁም ከመሀል ከተማው በእግር የሚደረስበት ነው።

ዕረፍቱን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ዝናቡ ሳይሆን ዕቅዱ ነው። ጠዋት ገዳማት፣ ከሰዓት ጢስ ዓባይ፣ ማታ ገበያ ተብሎ ሁለት ቀን ውስጥ ሁሉም ነገር ይታጨቃል። ትንሹ ልጅ ጀልባ ላይ ይተኛል፣ ትልቁ በጭቃ ጫማው ይነጫነጫል፣ እናት ቦርሳ ስታዘጋጅና እርጥብ ልብስ ስታሰጣ ፈቃዷ ያልቃል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ሐሳብ አንድ ነው፦ በቀን አንድ መውጫ ብቻ ያዙ፣ እሱንም ከምሳ በፊት ጨርሱት። ከሰዓቱ በረንዳ ላይ የሚቀመጡበት፣ የሚተኙበት፣ ካርታ የሚጫወቱበት ነው።

ይህ ሰዓት አጠባበቅ ምክንያት አለው። በክረምት ባሕር ዳር ላይ ዝናቡ የሚበረታው በአብዛኛው ከቀትር በኋላና ሌሊት ነው፤ ጠዋቱ ደመናማ ቢሆንም ብዙ ጊዜ መንቀሳቀስ ያስችላል። ሐይቁም እንደዚሁ ነው። ጣና 84 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 66 ኪሎ ሜትር ስፋት ቢኖረውም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውኃ ንፋስ ሲነካው ቶሎ ይነሣል፤ ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ያንገጫግጫል፣ ተሳፋሪውንም ያረጥባል። ንፋሱ ደግሞ በአብዛኛው የሚነሣው ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዝም ያለው ሐይቅ 9 ሰዓት ላይ ሌላ ሐይቅ ነው።

መቼ እንሂድ

ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ከነሐሴ 17 እስከ ነሐሴ መጨረሻ ያለውን ጊዜ እንመክራለን። ሐምሌ የዝናቡ ክብደት ነው፤ ሙሉ ቀን ቤት መዋል ሊመጣ ይችላል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ጾመ ፍልሰታ ነው። በእነዚህ ቀናት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ገዳማቱን ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት መድረሳችሁ ይጠቅማል፤ ምግብ ቤቶችም በአብዛኛው ወደ ጾም ምግብ ያዘነብላሉ። የማይጾሙ ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ወተትና እንቁላል የሚገኝበትን ቤት በመጀመሪያው ቀን አጣርታችሁ ያዙ። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ያኔ ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ሆያ ሆዬ እያሉ ለሚመጡት ልጆች የምትሰጡትን ዝርዝር ብርና ሙልሙል አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ከነሐሴ 17 በኋላ ያለው ጊዜ ሦስት ጥቅም አለው። ዝናቡ መቀነስ ይጀምራል፣ ጾሙ ተፈትቷል፣ ዓባይም ሞልቷል። ጉዳቱ ትንኝ መብዛት መጀመሩ ነው፤ ስለ እሱ ከታች እንመለስበታለን። ጳጉሜን ድረስ መቆየት ከቻላችሁ ደግሞ ጳጉሜ 3 የሩፋኤል ዕለት ዝናብ ከዘነበ ልጆቹን ግቢ ውስጥ ልቀቋቸው፤ ፎጣና ደረቅ ልብስ በር ላይ ይዘጋጅ። አዲስ ልብስ ከሚያስፈልገው ከማንኛውም ጉዞ ይልቅ ይህን ያስታውሳሉ። የትምህርት ቤት ምዝገባ ቀን ግን ከሁሉ በፊት ይጣራ፤ በነሐሴ መጨረሻ የሚመዘግቡ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው።

ስንት ቀን? ከአምስት ሌሊት በታች ከሆነ ዕረፍት አይባልም፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን በጉዞ ያልፋሉ። ስድስት ሌሊት ይበቃል፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ቀን ምንም ያልተያዘላቸው ይሁኑ። ባዶውን ቀን አስቀድማችሁ አትወስኑ። የዘነበበት ጠዋት ባዶው ቀን እሱ ይሆናል፣ የጀልባው ቀን ደግሞ ወደ ማግስቱ ይሻገራል።

መንገድና ማደሪያ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ያለው መንገድ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የዓባይን በረሃ መውረድና መውጣትም አለበት። ጠመዝማዛው ልጆችን ያስመልሳል፤ በክረምት ደግሞ ጭጋግና የድንጋይ ናዳ ይጨመርበታል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከትንንሽ ልጆች ጋር ለሚሄድ ሰው የአውሮፕላኑ ዋጋ የሁለት ቀን ድካም ያስቀራል፤ ከማደሪያው ቀንሳችሁም ቢሆን እሱን ምረጡ። ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ፤ 07:30 ማለት ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ነው።

በክልሉ ያለው የጸጥታ ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ሊለዋወጥ ይችላል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት፣ ከመነሣታችሁ ሁለት ቀን በፊት፣ ከዚያም ከከተማ ለምትወጡበት ለእያንዳንዱ ጉዞ ከተማው ውስጥ የሚኖር ዘመድ ወይም የምታርፉበትን ቤት ሰው ጠይቁ። የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ መንገዱ ክፍት ነው ወይ፣ ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል፣ ኢንተርኔትና ስልክ አለ ወይ። መልሱ ካጠራጠረ ከከተማው አትውጡ። ከተማው ብቻውን ለአምስት ቀን ይበቃል።

ማደሪያ ስትፈልጉ ኮከብ አትቁጠሩ። ለቤተሰብ የሚጠቅመው በረንዳ፣ ማብሰያና ግቢ ነው። በስልክ ስታናግሩ እነዚህን በየተራ ጠይቁ፦ በረንዳው ጣሪያ አለው ወይ? ዝናብ ሲመጣ ልጆች የሚውሉት እዚያ ነውና። አጎበር በየአልጋው ተሰቅሏል ወይ፣ መስኮቱስ ወንፊት አለው ወይ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ ወይስ ሻማ? ውኃ ሲቋረጥ ታንከር አለ ወይ? ግቢው ከሐይቁ ጋር ይገናኛል ወይ፣ ከተገናኘስ አጥር አለው ወይ? የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል። ሐይቅ ዳር ያሉ ግቢዎች ሣራቸው እስከ ውኃው ይደርሳል፤ ክረምት ላይ ሣሩ ያዳልጣል፣ ዳርቻውም ከላይ ሲታይ ደረቅ መስሎ ከሥር ባዶ ሊሆን ይችላል። ከሰባት ዓመት በታች ልጅ ያለው ሰው አጥር የሌለው ሐይቅ ዳር ቢያርፍ ሳምንቱን ሙሉ ሲጠብቅ ይውላል እንጂ አያርፍም። ከሐይቁ ሁለት መንገድ ገባ ያለ፣ አጥር ያለው ቤት ይሻለዋል።

ሻንጣው ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሹራብ፣ አንድ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስና ሁለት ጫማ ይግባ፤ አንደኛው ጫማ ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። ጀልባ ላይ ንፋስ ስለሚገለብጠው ጃንጥላ አይጠቅምም። ለእናትና ለሴት ልጆች ነጠላ፣ ለሁሉም በቀላሉ የሚወልቅ ጫማና ካልሲ ለገዳማቱ ያዙ። የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ አራት ትልልቅ ፌስታል ለእርጥብ ልብስ፣ አንድ ካርታ ወይም ዳማ፣ ለየልጁ አንድ መጽሐፍ። ዝርዝር ብር በርከት አድርጋችሁ ያዙ፤ ለባጃጅ፣ ለገዳም መግቢያ፣ ለጫማ ጠባቂ ትልቁን ብር የሚመልስ አይገኝም።

የመጀመሪያው ጀልባ አጭር ይሁን

ልጅ ጀልባን የሚወደው ወይም የሚጠላው በመጀመሪያው ጊዜ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው የጀልባ ቀን ገዳማቱ ወዳሉበት ወደ ዘጌ አትሂዱ። ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት፣ ወደ ደብረ ማርያም በኩል ሂዱ። መሄጃው ግማሽ ሰዓት አይሞላም፣ ከቆይታው ጋር አጠቃላይ ሁለት ሰዓት ነው። በመንገዱ ላይ ደንገል ይታያል፣ ከደንገል የተሠራ ታንኳ እየቀዘፈ የሚሄድ ዓሣ አጥማጅ ይታያል፣ ዕድል ካለ ጉማሬ ጆሮውንና አፍንጫውን ብቅ ያደርጋል። ጉማሬ የዋህ መስሎ የሚያታልል አውሬ ነው፤ ጀልባ ነጂው ልጆቹን ለማስደሰት ቀረብ ልበል ቢል እናንተ እምቢ በሉ። በተለይ ከግልገል ጋር ያለችን እናት፣ እንዲሁም በጉማሬውና በጥልቁ ውኃ መካከል መግባትን ሽሹ። ሞተሩን አጥፍቶ በሩቁ መቆም ይበቃል።

ጀልባ ስትከራዩ ዋጋው የሚነጋገረው በጀልባ ነው እንጂ በሰው አይደለም። ከመሳፈራችሁ በፊት አምስት ነገር በግልጽ ይነገር፦ የት የት ነው የምንሄደው፣ ስንት ሰዓት ይጠብቀናል፣ ጠቅላላው ስንት ነው፣ አስጎብኚ ተጨምሯል ወይስ ለብቻው ነው፣ ክፍያው መቼ ነው። የገዳም መግቢያ ሁልጊዜ ለብቻው ነው። ለነዳጅ ብሎ ቅድሚያ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ግማሹን ስጡ፣ ቀሪውን ስትመለሱ። በመንገድ ላይ የሚጠጋችሁ ደላላ ጀልባው የሱ ላይሆን ይችላል፤ ዋጋውን ከነጂው ከራሱ አፍ ስሙ።

ከዚያ ጀልባውን ተመልከቱ። ጣሪያ አለው? ወለሉ ላይ የቆመ ውኃ አለ? ትርፍ ነዳጅና መቅዘፊያ ይዟል? ሞተሩ ሲነሣ ወዲያው ይነሣል ወይስ አሥር ጊዜ ይጎተታል? ወደብ ላይ አስቸግሮ የተነሣ ሞተር ሐይቅ መሀል ላይም ያስቸግራል።

ላይፍ ጃኬት ላይ ድርድር የለም። ችግሩ ግን አብዛኛው ጀልባ የያዘው የአዋቂ ልክ መሆኑ ነው። ለአዋቂ የተሠራ ጃኬት የለበሰ የአምስት ዓመት ልጅ ውኃ ውስጥ ቢገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣና ልጁ በሥሩ ይሾልካል። መፈተኛው ቀላል ነው። ጃኬቱን አልብሳችሁ ሁሉንም ማሰሪያ አጥብቁ፤ ከዚያ በሁለቱ ትከሻ በኩል ይዛችሁ ጃኬቱን ወደ ላይ ሳቡት። ወደ አገጭ ወይም ወደ ጆሮ ከወጣ ለዚያ ልጅ አይሆንም። በእግር መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ካለው እሱን እሰሩ። ከማግስቱ ጉዞ በፊት በዋዜማው ወደብ ወርዳችሁ የልጅ ልክ እንዲያመጡ ብትነግሩ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ጠዋት ደርሳችሁ ብትጠይቁ ግን “ችግር የለውም” ነው መልሱ። ልጆች ካሏችሁ ከአዲስ አበባ ገዝቶ መምጣትም ያዋጣል። ዋናተኛ ነኝ የሚል አባትም ይልበስ፤ ልጅ የሚለብሰው አባቱ ሲለብስ ነው።

ዘጌና ገዳማቱ

የዘጌ ልሳነ ምድር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ብትነሡ፣ አንድ ሰዓት መሄጃ፣ ሁለት ሰዓት እዚያ፣ አንድ ሰዓት መመለሻ ብላችሁ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ከተማ ናችሁ፤ ንፋሱም ዝናቡም አያገኛችሁም።

ከልጆች ጋር አንድ ገዳም፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። ሦስተኛው ላይ ሥዕሉም ታሪኩም ይደባለቅባቸዋል። አንድ ብቻ ከሆነ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይሁን። ከጀልባ መውረጃው በቡና ጫካ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ያስወጣል፤ ለትንንሽ እግር ሠላሳ ደቂቃ ያዙ። መንገዱ ድንጋይና ሥር የበዛበት ነው፣ ዝናብ ከዘነበ ያዳልጣል፣ ስለዚህ ጥርስ ያለው ጫማ የሚለበሰው እዚህ ነው። አዝዋ ማርያም ወደ ወደቡ ስለምትቀርብ አያት ወይም እግር የሚያማቸው ሰው አብረው ካሉ እሷን ምረጡ።

እዚህ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡባቸውም። ዳጋ እስጢፋኖስ አፄ ዘርዓ ያዕቆብንና አፄ ፋሲለደስን ጨምሮ የነገሥታት አስከሬን የሚገኝበት ስለሆነ አባቶች ማየት ይፈልጋሉ፤ እናትና ሴት ልጆች ግን ጀልባ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ይህ የቤተሰብ ጉዞ አይሆንም። የዘጌ ገዳማት፣ እንጦስ ኢየሱስና ደብረ ማርያም ሁሉንም ያስተናግዳሉ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም ሴቶች ይገቡባታል፣ ሥዕሏም ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ደቅ ደሴት ላይ ስለሆነች መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በክረምት ከትንንሽ ልጅ ጋር አንመክርም፤ ለጥር ወይም ለየካቲት አቆዩት።

ልጆች ቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል የሚወዱት እንደ ታሪክ መጽሐፍ ሲነበብላቸው ነው። ሁሉንም ለማስረዳት ከመሞከር አንድ ግድግዳ ምረጡና “ቅዱስ ጊዮርጊስን ፈልጉ፣ በላኤ ሰብን ፈልጉ” በሏቸው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ምንጣፉ በክረምት እርጥበት ስለሚኖረው ካልሲ ይጠቅማል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አባቶችን ጠይቁ፤ ፍላሽ ግን በጭራሽ፣ ቀለሙን ይጎዳልና። ስትመለሱ ከመንገዱ ዳር የዘጌ ቡና ይሸጣል። ጥሬውን ግዙ፣ ከሰዓት በረንዳው ላይ ይቆላል።

ጢስ ዓባይ

ፏፏቴው ከከተማው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁመቱም 40 ሜትር ያህል ይሆናል። የዓባይ ውኃ ከፊሉ ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ሄዶ ቀጭን ውኃ አይቶ የተመለሰ ብዙ ነው፤ ክረምቱ መጨረሻ ላይ ግን ሐይቁም ዓባይም ስለሚሞሉ ስሙን ያገኘበት ጢስ ይታያል። ቢሆንም ከመሄዳችሁ በፊት በዚያው ጠዋት “ዛሬ ውኃው እንዴት ነው፣ መንገዱስ?” ብላችሁ ጠይቁ።

ከመንደሩ ወደ ፏፏቴው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ አልፎ ዳገቱን ይወጣል፤ ፏፏቴውን ፊት ለፊት የሚያሳየው ይህ ነው። ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ በሜዳ የሚደረስበት አጭር መንገድ ነው፤ ወንዙ በጣም ሲሞላ ግን ጀልባው ሊቆም ይችላል፣ ባይቆምም ከልጅ ጋር የሞላ ዓባይን ከፏፏቴ በላይ መሻገር አያስፈልግም። በድልድዩ ሂዱ። ደርሶ መልሱን ሁለት ሰዓት ያዙ።

መሬቱ ጥቁርና ቀይ ጭቃ ነው፤ ሲረጥብ ጫማ ላይ ይለጠፍና ሶሉን ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ማንሸራተት ይመጣል። ዱላ ይዘው የሚያከራዩ ልጆች መንገድ ላይ አሉ፤ ለአዋቂው አንድ አንድ ያዙ። ከስድስት ዓመት በታች ያለውን ልጅ በእጅ ከመጎተት በጀርባ ማዘል ይሻላል፤ እሱ ሲወድቅ እናንተንም ይዞ ነው የሚወድቅ። ፏፏቴው ፊት ለፊት ስትቆሙ ጢሱ ስለሚያረጥብ ስልካችሁ ፌስታል ውስጥ ይግባ። የዝናብ ልብሱን እዚያው አልብሷቸው፣ ቀድማችሁ ካለበሳችሁ ዳገቱ ላይ በላብ ይርሳሉ። ጠርዙ ላይ አጥር ስለሌለ አንድ አዋቂ ለአንድ ልጅ የሚለው ደንብ እዚህ ይጠበቅ፤ አዋቂ ካነሰ ከመንደሩ አንድ ሰው በክፍያ ይያዝ። ስትመለሱ ለየሰው ደረቅ ካልሲ መኪናው ውስጥ ይጠብቃችሁ።

ከተማው ውስጥ

ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት። መንገዱ ሰፊና ሜዳ ነው፣ ዳርና ዳሩ ዘንባባ ነው። እሑድ ጠዋት መኪናና ባጃጅ ሲቀንስ ከልጆች ጋር መንዳት ያስደስታል። ሳይክል ስትከራዩ ሁለቱንም ፍሬን በተራ ይዛችሁ ጎማው እንዲቆም ግፉት፤ አንዱ ካልያዘ ሌላ አምጡ በሉ። ወንበሩን ልጁ ተቀምጦ የእግሩ ጣት መሬት በሚነካበት ልክ አስተካክሉ። አስፋልት ሲረጥብ ፍሬን የሚይዘው ዘግይቶ ነው፤ የተቀባ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ ደግሞ ጎማ ይሸሻል። ዝናብ ከጀመረ መንዳቱ ይቁም፣ ሳይክሉ በእግር እየተገፋ ይመለሳል።

በዛዊት ኮረብታ ለአንድ አጭር ጠዋት ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ በኮንትራት ባጃጅ ይወጣል። ከላይ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጠማዘዝ፣ ከተማውም በአረንጓዴ ውስጥ ተዘርግቶ ይታያል። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት እዚያ ነው፤ ጥበቃዎቹን ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። ባጃጁ እንዲጠብቃችሁ ተነጋገሩ፣ ካልጠበቀ መመለሻ ላይገኝ ይችላል።

የከሰዓቱ ዋና ሥራ ደግሞ ዓሣ ነው። የማብሰያ ቦታ ያለው ቤት የተመረጠውም ለዚህ ነው። ከጣና የምታገኙት በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ነው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ። ቢልጫ ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ ግን ቀጫጭን እሾህ ይበዛበታል፤ ለልጅ አይሆንም። አምባዛ ሥጋው ወፍራም፣ እሾሁ ጥቂት ነው፤ ስቡን የማይወዱ አሉ። ለቤተሰብ ቆሮሶ ይሻላል። ጠዋት ግዙ። ዓይኑ ያበጠና የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ ይሁን። ዓይኑ የጎደጎደና ስንጥቡ ቡናማ የሆነ የትናንት ነው። ሙሉ ቆሮሶ ተገፍፎና ተፈልጦ ንጹህ ሥጋው ከክብደቱ ሲሶ ያህል ብቻ ስለሚሆን ለስድስት ሰው ጉላሽ 3 ኪሎ ሙሉ ዓሣ ያስፈልጋል። እዚያው ገፍፈው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ራሱንና አጥንቱን ለሾርባ ያዙት።

ሥጋውን በሁለት ጣት ስፋት ቁረጡና በአንድ ሎሚ ጭማቂና በአንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ዘፍዝፉት፣ ከሩብ ሰዓት ግን አይለፍ፤ ሎሚ ሲቆይበት ሥጋውን ያደርቀዋል። አራት መካከለኛ ሽንኩርት በደቃቁ ከትፉና ያለ ዘይት አቁላሉት፤ ሲደርቅ አምስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ዝንጅብል ጨምሩ። ሦስት ቲማቲም ይከተል፣ አሥር ደቂቃ ይብሰል። በርበሬ ለልጆች ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ዓሣውን ለብቻው በሌላ መጥበሻ በየጎኑ ሁለት ደቂቃ ለብ ለብ አድርጉና መጨረሻ ላይ ወጡ ውስጥ ጣሉት፤ ከዚያ አምስት ደቂቃ ብቻ። ዓሣው ከገባ በኋላ በማንኪያ አይማሰል፣ ድስቱ በጆሮው ተይዞ ይናጥ። ተፈርፍሮ ገንፎ የሚሆነው ወይ ሲማሰል ወይ ብዙ ሲቆይ ነው። የጥብስ ቅጠልና ቃሪያ ከእሳት ሲወርድ ይጨመራል። ለልጅ ከማቅረባችሁ በፊት እያንዳንዱን ቁራጭ በጣታችሁ ዳስሱት።

ጤና

ጣና ውስጥ አትዋኙ፣ ልጆችም እግራቸውን አይንከሩ። ምክንያቱ ጉማሬ ብቻ አይደለም። የቢልሃርዚያ ትል ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ ንጹሕ የሚመስል ውኃ ውስጥም አለ። ጀልባ ላይ የሚረጭ ውኃ ያን ያህል አያሰጋም፤ ወዲያው በፎጣ መድረቅ ይረዳል። መዋኘት የፈለጉ ልጆች ካሉ መዋኛ ያለው ሆቴል ለጥቂት ሰዓት በክፍያ ያስገባል።

የሚጠጣ ውኃ የታሸገ ወይም የፈላ ይሁን፣ ጥርስ መፋቂያውም ጭምር። ለተቅማጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ሦስት ወይም አራት እሽግ ይዛችሁ ሂዱ፤ በእሽጉ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ ነው። ውኃውን ማሳነስ ጨውን ያበዛዋል፤ ልጅን ይጎዳል።

ወባ የባሕር ዳር የታወቀ በሽታ ነው፤ ዋናው ወቅቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ቢሆንም በነሐሴ መጨረሻ ይጀምራል። የደጋ ሰው ደግሞ የለመደ አካል የለውም። 11 ሰዓት ተኩል ላይ መስኮት ይዘጋ፣ ልጆች ረጅም እጅጌና ሱሪ ይልበሱ፣ የአጎበሩ ጫፍ ፍራሹ ሥር ይግባ። ወደ ወለል የተንጠለጠለ አጎበር በሌሊት ይነሣና ትንኙን አብሮ ያስገባል። ቀዳዳ ካለው በመርፌ ክር ወይም በፕላስተር ድፈኑት። ነፍሰ ጡርና ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያላችሁ ከጉዞው በፊት ሐኪም አማክሩ።

በሽታው ከተነከሱ ቢያንስ ከሳምንት በኋላ ነው የሚታየው፤ አንዱ ዓይነት ጭራሽ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ቤት ከገባችሁ በኋላ ልጁ ቢያተኩሰው፣ ቢንቀጠቀጥ ወይም ራሱን ቢያመው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትጠብቁ፣ የተረፈ መድኃኒትም አትስጡት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ የደም ምርመራ አስደርጉ፤ ከባሕር ዳር መምጣታችሁንና የተመለሳችሁበትን ቀን ለሐኪሙ ንገሩ፣ አዲስ አበባ ላይ ካልተነገረው ወባን መጀመሪያ ላያስብ ይችላልና።